ቦግና ኩዤያና የስድስት ደቂቃዋ ጨዋታ

ቦግና ኩዤያ አርባ አንድ ዓመት እስኪሞላት ድረስ ሥራዋን ከባልደረቦቿ በቀር ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ካቶቪትሴ ከተማ ውስጥ ባለ ትልቅ የኮምፒውተር ጨዋታ ስቱዲዮ አሥራ አራት ዓመት ስትሠራ ድርሻዋ በርና መሰላል፣ ቁልፍና ሳጥን ነበር። የጨዋታው ጀግና በር ሲገፋ በሩ ቀስ ብሎ ይከፈት ወይስ በርግዶት ይግባ፣ መሰላል ሲወጣ እጁ የትኛውን እርከን ይያዝ፣ ይህን የምትወስነው እሷ ነበረች። በሩ ስለተከፈተለት የሚያመሰግን ተጫዋች የለም፤ ያልተከፈተለት ግን የሠራውን ሰው ከነዘሩ ይሰድባል። ቦግና ይህን ለምዳው፣ ደመወዟን ተቀብላ፣ ቢቶም ከተማ ወዳለው ቤቷ በትራም እየተመላለሰች ትኖር ነበር። አላገባችም። ያገባችው ሥራዋን ነው ብለው ይቀልዱባት ነበር፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

ስቱዲዮው አምስት ዓመት የፈጀበትን የጦርነት ጨዋታ ሊጨርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት መሀሉ ላይ አንድ ክፍተት ተገኘ። ጀግናው ከተከበበች ከተማ አምልጦ ወደ ግንባር የሚሄድበት የባቡር ጣቢያ አለ፤ እዚያ ሊሆን የታሰበው ውጊያ ሳያልቅ ቀረ። ሥራ አስኪያጁ ራዶሚር ቦግናን አስጠርቶ፣ ሦስት ሳምንት እንዳላት፣ ቦታውን በፈለገችው ነገር እንድትሞላው፣ ብቻ ተጫዋቹን አምስት ደቂቃ ያህል የሚያቆይ እንዲሆን ነገራት።

የቦግና አባት አሎይዚ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የከሰል ባቡር ሲበታትኑና ሲገጣጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። በሚሠሩበት ግቢ ውስጥ በሰው እጅ የተሠራ ጉብታ ነበር። ረጅሙ ባቡር ከኋላ እየተገፋ ጉብታው ጫፍ ሲደርስ የፉርጎዎቹ መንጠቆ ይፈታል። ከዚያ ፉርጎዎቹ አንድ በአንድ በገዛ ክብደታቸው ቁልቁል ይንደረደራሉ፤ ከታች ሐዲዱ ብዙ ቦታ ይከፈላል፣ እያንዳንዱም ወደየመንገዱ ይገባል። ቦግና በልጅነቷ አጥሩን ተደግፋ ይህን ስታይ ትውል ነበር። ጨዋታዋን ከዚህ ሠራችው። ተጫዋቹ ጉብታው ላይ ቆሞ መንጠቆ ይፈታል፣ ሐዲድ ይቀይራል። የሞላው ፉርጎ ይፈጥናል፣ ባዶው ይዘገያል፤ ፈጣኑ ከኋላ ደርሶ ዘገምተኛውን ከገጨው አከተመ። ብልሃቱ ያለው አንድ ነገር ላይ ነበር። የተለቀቀ ፉርጎ አይመለስም። አንዴ እጅህን ካነሳህ በኋላ ቆሞ ከማየት በቀር የምታደርገው የለም።

የጦርነት ጨዋታው በወጣ በወሩ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ስለ ጦርነቱ የሚያወራ ጠፋና ሰው ሁሉ ስለ ፉርጎዎቹ ያወራ ጀመር። ጣቢያው ጋ ሲደርሱ ቦታውን መዝግበው ይዘው፣ ጀግናውን እዚያው ገትረው፣ ሳምንት ሙሉ ፉርጎ ሲለቁ የሚሰነብቱ ሰዎች ተገኙ። አንድ የሊዝበን ጥርስ ሐኪም በሽተኛ ወጥቶ በሽተኛ እስኪገባ አንድ ባቡር እንደሚበትን ጻፈ። ይህችን ነገር ለብቻዋ ስጡን የሚለው ጥያቄ እንደ ጎርፍ መጣ። ቦግና የሰዎቹን ደብዳቤ እያነበበች ትራም ውስጥ ብቻዋን ፈገግ ስትል ሰው ዞሮ ያያት ነበር።

የስቱዲዮው ዐይን ግን የሚቀጥለው ጦርነት ላይ ነበር። ቦግና ራዶሚር ቢሮ ገብታ፣ ጨዋታዋን እኔው ራሴ አሳድጌ ላውጣት ብላ ጠየቀች።

«እኔ አልከለክልሽም» አላት ራዶሚር። «ግን አስቢበት። ሰዉ እኮ እዚያ የሚደርሰው ሁለት ሰዓት ሲተኩስ፣ ሲገድል ቆይቶ ነው። የወደዳት በዚያ መሀል ስለመጣችለት ቢሆንስ?»

ቦግና ይህን ቅናት ነው ብላ አለፈችው። ተፈራረሙ። ሁለት ዓመት ተሰጣት፤ እስከ ሁለተኛው ዓመት ጥቅምት ማብቂያ ድረስ ጨዋታዋ ካልወጣች መብቷ ተመልሶ የስቱዲዮው ይሆናል። ሥራዋን ለቀቀች።

አብሯት የወጣ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ቪት ጋይዳ ይባላል፤ ከእሷ አሥር ዓመት ያንሳል፣ ቀጭንና ረጅም ነው፣ ኮድ ሲጽፍ ሱፍ ይፈለፍላል። ቢቶም ውስጥ ድሮ ዣንጥላ ይጠገንባት የነበረች አንዲት ሱቅ ተከራዩ። ታፔላው እላይ እንደተሰቀለ ስለቀረ አሮጊቶች የተሰበረ ዣንጥላቸውን ይዘው መምጣታቸውን አልተዉም። ቪት መመለሱ ሲያሳፍረው ጊዜ መጠገኑን ተማረ።

የመጀመሪያው ዓመት በሥራ ደስታ አለፈ። አርባ ግቢ ሠሩ፤ ባለ ሦስት ሐዲድ፣ ባለ ዐሥር ሐዲድ፣ ተራራ ሥር፣ ወደብ ላይ። በጸደይ ወር የጨዋታ አውደ ርእይ ሲደርስ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ኮምፒውተር ይዘው ሄዱ። ሰው ተሰለፈላቸው። ቦግና ከጠረጴዛው ጀርባ ቆማ የተጫዋቾቹን ፊት ታይ ነበር። ይቀመጣሉ፣ ቅንድባቸው ይገናኛል፣ የመጀመሪያው ባቡር ሲበተን ፊታቸው ይበራል፤ ከዚያ ፈገግ ይላሉ፣ «ደስ ይላል» ይላሉ፣ ተነስተው ይሄዳሉ። የዚያን ቀን ማታ ቦግና በደስታ ራት እንኳ አልበላችም።

በማግሥቱ ቪት ኮምፒውተሩ የመዘገበውን ሰዓት ሲያይ ቆየና ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ።

«ሁሉም ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ነው የሚነሱት» አላት።

«ወረፋው ረጅም ነው። አፍረው ይሆናል።»

«ዛሬ እኮ ወረፋ የለም፣ ቦግና።»

ቀና ብላ አየች። እውነትም ወረፋ አልነበረም። ከጠረጴዛው ፊት ለፊት አንድ ጎረምሳ ተቀምጦ ፉርጎ እየለቀቀ ነው። ሰዓቷን አየች። ልጁ ስድስት ደቂቃ ሲሞላው ፈገግ አለ፣ ወንበሩን በጨዋ ደንብ ወደ ቦታው መለሰ፣ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት ቦግና ባታስታውሰው የምትመርጠው ነው። ዝናብ ጨመሩ፤ ሐዲዱ ያንሸራትታል። ስድስት ደቂቃ። ፈንጂ የጫነ ፉርጎ ጨመሩ። ስድስት ደቂቃ ተኩል። የጣቢያ ኃላፊ፣ ሴት ልጁን፣ የጠፋ ወንድሟን ጨምረው ታሪክ ጻፉለት፤ ሰዉ አራተኛው ደቂቃ ላይ ተነሳ። ቦግና ለዣንጥላ የመጡትን አሮጊቶች ሳይቀር ጨዋታው ፊት ታስቀምጥ ጀመር። አንዲቷ ሦስት ባቡር አሳምረው በተኑና መነጽራቸውን አውልቀው፣ ቆንጆ ነገር ነው፣ ለመሆኑ ዣንጥላዬ ደርሷል ወይ ብለው ጠየቋት። ቪት ከት ብሎ ሳቀ። ቦግና ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች።

እንቅልፍ ራቃት። በጣቶቿ መሀል ቆዳዋ እየተላጠ ደማ። ትራም ውስጥ ቁጭ ባለችበት ፌርማታዋ ያልፋትና የመጨረሻው ላይ ሹፌሯ ታወርዳታለች። በዕድሜዋ ሙሉ የሠራችው ጥሩ ነገር አንድ ብቻ እንደሆነ፣ እሱም ሦስት ሳምንት የፈጀ አጋጣሚ እንደነበር፣ አሁን ያንኑ በገዛ እጇ አንቃ እየገደለችው እንደሆነ ታስባለች። ፉርጎዎቹን ጠላቻቸው። ስክሪኑ ላይ ቁልቁል ሲንደረደሩ ስታይ ምራቋ ይመርራል። ለማንም አልነገረችም። ሥራ እንዴት ነው ሲሏት፣ እየሄደ ነው ትላለች።

በሁለተኛው ዓመት ሰኔ ላይ ራዶሚር ደወለ። ክፉ አልተናገረም፤ ጥቅምት ማብቂያን እንዳትረሳው ብቻ በትሕትና አስታወሳት፣ ጤናዋንም ጠየቃት። ስልኩን ዘግታ ለቪት ምንም ሳትል ወጣች። እግሯ የወሰዳት አባቷ አትክልት ወደሚያለሙባት የከተማ ዳር ቁራሽ መሬት ነበር።

አሎይዚ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ጎንበስ ብለው ሽንኩርት ሲያርሙ አገኘቻቸው። እንደ አገራቸው እንደ ሲሌዢያ አሮጌ የቤተሰብ ወግ አባቷን አንተ ብላ አታውቅም።

«አባባ፣ አልቻልኩም» አለችና ከዳሱ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ዘፍ አለች።

ምኑን እንዳልቻለች አልጠየቋትም። ጥሬውን የሚበላ አንድ ድብልብል አትክልት ነቅለው በኪስ ቢላቸው ላጡ፣ ቆራረጡና አቀበሏት። ያዘችው እንጂ አልበላችውም። ከዚያ ሦስት ዓመት ሙሉ ውስጧ ተቀብሮ የኖረውን አወጣችው።

«ጨዋታዬን አንድ ቀን እንኳ አልነኩትም። ሊዝበን ያለ ጥርስ ሐኪም ሲጫወተው የእርስዎ እጅ አልነካውም። ዐይኔ ደክሟል ደግሞ አይበሉኝ፤ የጋዜጣውን እንቆቅልሽ በየቀኑ ይሞላሉ።»

አሎይዚ ቢላቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ፣ አጠፉት።

«ሰው የለበትም» አሉ።

«የምን ሰው?»

«ታች ያለው።»

ከዚያ እስከዚያች ቀን ድረስ ለልጃቸው ያልነገሯትን ነገሯት። ያን ጊዜ ግቢው ሁለት ሰው ይፈልግ ነበር። አንዱ ጉብታው ላይ ሆኖ መንጠቆ ይፈታል። ሌላው ታች ሆኖ የብረት ታኮ ይዞ ይጠብቃል፤ ፉርጎው ሲመጣ ታኮውን ከመንኮራኩሩ ፊት ሐዲዱ ላይ ያኖርና ዘሎ ይሸሻል፣ ፉርጎው ታኮው ላይ ወጥቶ እየተንሸራተተ ይቆማል። ጭጋግ ሲሆን ላይኛውና ታችኛው አይተያዩም። ያላቸው ፊሽካ ብቻ ነው። የሞላ ፉርጎ ሲለቀቅ አንዴ፣ ባዶ ሲለቀቅ ሁለቴ። ታች ያለው ምን ያህል ርቆ ታኮውን እንደሚያኖር የሚያውቀው ከዚያ ነው። በአንድ የኅዳር ጠዋት አሎይዚ ጉብታው ላይ ነበሩ። ታች የነበረው ጊንተር የሚባል፣ ዘጠኝ ዓመት እንጀራ አብረው የበሉ ሰው ነበር። ወረቀቱ ፉርጎው ባዶ ነው ይላል። አሎይዚ ሁለቴ ነፉ። ፉርጎው እስከ አፉ ከሰል ሞልቶ ነበር፤ ለባዶ ተብሎ የተቀመጠው ታኮ አላቆመውም።

«ማንም ጥፋተኛ አላለኝም» አሉ። «ወረቀቱ ነው የተሳሳተው። እኔ ግን ከላይ ሆኜ ድምፁን ብቻ ነው የሰማሁት።»

ቦግና አባቷ ንግግራቸውን ጨረሱ መስሏት ነበር፤ አልጨረሱም።

«አንቺ የሠራሽው ጉብታው ላይ ያለውን ሰው ነው። እሱ ምን አለበት? ይፈታል፣ ቆሞ ያያል። ቢሰለቸው አይደንቀኝም። ግቢ ማለት ታች ያለው ነው፤ እሱን እያሰብሽ ነው የምትፈቺው።» ተነስተው ወደ ሽንኩርታቸው ሲመለሱ፣ ሳይዞሩ፣ «ስሙን ግን እንዳታስገቢው። ሚስቱ ገና በሕይወት አለች» አሏት።

ወደ ቤቷ በእግሯ ሄደች። እፍረት ነበር የሚያቃጥላት። ልጅ ሆና አጥር ተደግፋ ያየችውን፣ አባቷ አርባ ምናምን ዓመት ተሸክመው የዞሩትን ነገር፣ ለጥርስ ሐኪም መዝናኛ አድርጋው ኖሯል። ከእፍረቱ ሥር ግን ሌላም ነገር ነበረ፤ ልታምነው አልደፈረችም እንጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስድስተኛው ደቂቃ በኋላ ምን እንደሚመጣ አውቃዋለች።

በማግሥቱ ለቪት ነገረችው። ጨዋታው የሁለት ሰው ይሆናል፤ በየሀገሩ፣ በየቤቱ የተቀመጡ፣ የማይተዋወቁ። አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች። መሀላቸው ጭጋግ። ከፊሽካ በቀር መነጋገሪያ የለም። አርባውም ግቢ፣ ዝናቡም፣ የጣቢያ ኃላፊውም ልጅ ይጣላሉ።

ቪት ሱፉን መፈልፈል አቆመ። አራት ወር እንደቀራቸው፣ ሁለት ኮምፒውተር በትክክል እንዲነጋገር ማድረግ ብቻውን ስድስት ወር እንደሚፈጅ ረጋ ብሎ አስረዳት። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ።

«የሁለት ዓመት ሥራዬን ጣለው እያልሽኝ ነው እኮ። እሺ፣ ልጣለው። አንድ ሰው ገብቶ ታች ሰው ባያገኝስ? ያኔ ምን ልታደርጊ ነው?»

አላውቅም አለችው። ቪት ግን ሰው ነበር፤ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ሆና፣ ቭሮትስዋፍ ከተማ ላይ ቋሚ ሥራ ቀርቦለት እያለ፣ አምስት ሳምንት ቆይቶ ሁለቱ ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩበትን ክፍል እንደ ነገሩ አቁሞላት ሄደ። ሲሰነባበቱ እንደ ዘመድ ተቃቀፉ። በሩ ሲዘጋ ግን ሱቋ ባዶ ጉድጓድ ሆነችባት።

ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ብቻዋን ሠራች። ጊዜዋ የሚበቃት ለአንድ ግቢ፣ ለአምስት ሐዲድ፣ ለአንድ ዓይነት ጭጋግ ብቻ ነበር። የማታውቀውን እያነበበች፣ ያነበበችው እየጠፋባት፣ አንድ ስህተት ስታርም ሁለት እየተወለደባት ሄደች። ሦስት ቀን የለፋችበት ነገር በአንድ ጠዋት ሲፈርስ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ያለቀሰችበት ጊዜ አለ። ለራዶሚር ደውላ ውሰደው ልትለው ቁጥሩን አውጥታ መልሳ የዘጋችው ስንት ጊዜ እንደሆነ አትቆጥረውም።

በመስከረም መጨረሻ አባቷ ደወሉላት። ስልክ የማይወዱ ሰው ናቸው። ስለ አየሩ ጥቂት አወሩ። ከዚያ፣

«ታኮው ቢስተው፣ ታች ያለው ሰውዬ ምን ይሆናል?» ብለው ጠየቁ።

«ይዘላል። ፉርጎው አልፎት ሄዶ ይጋጫል፣ ጨዋታው እዚያ ላይ ያበቃል። እሱ ግን ዘሎ ይወጣል።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ ነው አባባ።»

«ደግ» አሉ። ቀጥለውም ምሳ በልታ እንደሆን ጠየቋት። ሳትበላ፣ በልቻለሁ አለቻቸው።

ጨዋታው ጥቅምት ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ወጣ። በመጀመሪያው ቀን የገዛው ሰው ከሰማንያ አይበልጥም፤ እነሱም በዓለም ዙሪያ የተበተኑ፣ አንዱ ሲነቃ ሌላው የሚተኛ። ቦግና ከሱቋ ሆና ታያለች። አንድ ሰው ይገባል፣ ጉብታው ላይ ይቆማል፣ ፊሽካውን ይነፋል። ታች ማንም የለም። ሦስት ደቂቃ ይጠብቃል። ይወጣል። ሌላው ይገባል፣ ይነፋል፣ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው አስተያየት ተጻፈ፤ የሞተ ጨዋታ ነው፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ ይላል። ቪት የጠየቃት ጥያቄ ይህ ነበር። ሁለት ዓመቷ፣ አሥራ አራት ዓመት የቆየችበት ሥራዋ፣ የአባቷ ምስጢር፣ ሁሉም ማንም ወደማይጠብቅበት ሐዲድ ቁልቁል ሲወርድ ታያት።

ሌላ የምታደርገው ስላልነበራት ራሷ ገባች። ታች ቆመች።

ከጭጋጉ ውስጥ አንድ ፊሽካ ተሰማ። የሞላ ነው። ታኮውን አርቃ አኖረች፣ ሸሸች፤ ፉርጎው መጥቶ እየጮኸ ቆመ። ላይ ያለው ሰው ማን እንደሆነ፣ የየት ሀገር እንደሆነ አታውቅም። ሁለት ፊሽካ። ባዶ። ያዘችው። ሰውዬው አርባ ደቂቃ ቆየ። እሱ ሲወጣ ሌላ ገባ።

ዐሥራ አንድ ቀን እንዲህ ሆነች። ከነቃችበት ሰዓት እስክትተኛ ድረስ ታች ቆማ የማታውቃቸውን ሰዎች ፉርጎ ያዘች። በግራ እጇ ዳቦ እየበላች በቀኟ ታኮ ታኖራለች። ስሟን አልነገረቻቸውም፤ ሠሪዋ መሆኗን ቢያውቁ ያዝኑልኛል ብላ ፈራች። አንዳንዶቹን በአነፋፋቸው ለየቻቸው። አንዱ ሁልጊዜ ይቸኩላል። አንዷ፣ ሴት ናት ብላ ነው ያሰበችው፣ ከመውጣቷ በፊት ደንብ ውስጥ የሌለች አንዲት አጭር ፊሽካ ትነፋለች፤ ምስጋና ይመስላል። ነገር ግን ቦግና ሞኝ አልነበረችም። አንድ ሰው የዓለምን ፉርጎ ሁሉ ይዞ አይዘልቅም። እሷ የተነሳች ቀን ያበቃል፤ የምታደርገውም መጨረሻውን በአንድ ቀን፣ በአንድ ቀን ማራዘም ብቻ ነበር።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን የእጇ አንጓ አብጦ ጣቶቿ አልታዘዝ አሉ። ሐኪሙ አሰሩላትና ሁለት ሳምንት እንዳትነካው አሏት። ሁለት ቀን ሙሉ ኮምፒውተሩን ሳትከፍት አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ያ ሁሉ ሰው ጉብታው ላይ ቆሞ ወደ ባዶ ጭጋግ ሲነፋ ይታያት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ መርዶ የሚሰማ ሰው እንደሚነሳ ሆና ተነሳችና በግራ እጇ ከፈተችው። አራት ጥንድ ሰዎች በየራሳቸው ግቢው ላይ ይሠሩ ነበር። ዐይኗን አላመነችም። አንደኛው ጥንድ ጋ ታዛቢ ሆና ገባች። አንዱ ላይ፣ አንዱ እሷ ትቆምበት የነበረውን ቦታ ይዞ ታች ነው። ከጀመሩ ሃምሳ ደቂቃ ሆኗቸዋል። ታች ያለው እጁ ገና አልተፍታታም፤ ላይ ያለው ያን አውቆ ፉርጎ ከፉርጎ መሀል ጊዜ ይሰጠዋል፣ ሁለቴ ይነፋል፣ ይጠብቃል፣ ይለቃል። አንዱ የሞላ ፉርጎ ታኮውን ዘለለና ሄዶ ተጋጨ። ታች ያለው ዘሎ ወጣ። ወዲያው፣ አንድ ቃል ሳይለዋወጡ፣ ከመጀመሪያው ጀመሩ። ቦግና የታሰረ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ እስኪደክማት አየቻቸው።

ጨዋታው ታላቅ ስም አላገኘም። የሚጫወቱት ጥቂት መቶዎች ናቸው፤ ሰዓት ተቃጥረው ይገናኛሉ። እንጀራ አላበላትም። በጥር ወር ግሊቪትሴ ከተማ ውስጥ የሆስፒታል ተራ ማስያዣ ፕሮግራም ከሚሠራ መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። ሱቋን ለአንዲት ልብስ ሰፊ ለቀቀች። ብርድ ሲሆን አንጓዋ ያማታል።

አባቷ እስካሁን አልተጫወቱም፤ እሷም ዳግም አልጠየቀቻቸውም። እሑድ እሑድ ምሳ አብረው ሲበሉ ግን፣ ዐይናቸውን ከሳህኑ ሳያነሱ፣ ታች ስንት ሰው ነበር ይሏታል። ቁጥሩን ትነግራቸዋለች። ባለፈው እሑድ ሠላሳ አንድ ነበሩ።